ለምትናከስ በቀቀን የገዛኋቸው ሁለት ነገሮች፦ የበያጅ ጓንትና የቡና እንጨት መቆሚያ

መሃል ላይ ለምታቋርጡ ፍርዱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ጓንቱን አትግዙ። መቆሚያውን ግን ጅማ ካላችሁ፣ ወይም ጅማ ዘመድ ካላችሁ፣ አሠሩ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ረዘም ያለ ወሬ ነው። የሁለቱም ዕቃ ነገር ከወፏ ጠባይ ተነጥሎ አይወራም።

ወፏ ጎበዜ ትባላለች። አዎ፣ ሴት ናት። ጎረቤታችን የነበረ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ከነሽቦ ቤቷ ለእኛ ትቷት ሄደ። ያኔ "ወንድ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያወጣል፣ ጠብቁ" ብሎን ነበር። አረንጓዴ፣ ጅራቷ ረጅም፣ መንቆሯ ቀይ፣ ያቺ ባለ ቀለበት የሚሏት ዓይነት በቀቀን ናት። በዚህ ዝርያ ግን ቀለበቱን የሚያወጣው ወንዱ ብቻ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይታያል። እኛ አምስት ዓመት ጠበቅን። ምንም የለም። ስሙ ግን ለምዶባት ቀረ፣ አሁን "ጎበዚት" ብንላትም ዞር ብላ አታይም።

እና ትነክስ ነበር። ጫር ጫር የምታደርግ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን አልረሳውም። ውሃዋን ልቀይር እጄን በበሩ አስገባሁ። ቆማ ታየኛለች፣ ዝም ብላ። ላባዋ ገላዋ ላይ ልጥፍ ብሏል፣ የዓይኗ ብሌን ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ ይሰፋል። እኔ በሆዴ "ዛሬስ ደስ ብሏታል" እላለሁ። ከዚያ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለችውን ለስላሳ ሥጋ ያዘች። ይዛም አልለቀቀች፣ አጣመመችው። ጮህኩ፣ እጄን ነጠቅኩ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ እማዬ ከጓዳ "ምን ሆንክ ልጄ!" እያለች ወጣች። ጎበዜም እላይኛው እንጨት ላይ ወጥታ ትርኢቱን እስኪያልቅ ተመለከተች።

ስለዚህ ጓንት ገዛሁ።

ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው፣ መርካቶ። በያጆች የሚያደርጉት ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ እስከ ክንድ የሚደርስ፣ ውስጡ ጨርቅ ያለው። ስድስት መቶ ብር። ሻጩን "ለብየዳ አይደለም፣ ለወፍ ነው" ስለው ሳቀብኝ። መሳቁ ልክ ነበር። ዕቃው እንደ ዕቃ ጥሩ ነው፣ ስፌቱ ጠንካራ፣ ቆዳውም እውነተኛ ቆዳ፤ ለበያጅ እመክረዋለሁ። ለበቀቀን ግን ከዚህ የባሰ ነገር ቤቴ አስገብቼ አላውቅም።

አንደኛ፣ ጎበዜ ጓንቱን ስታይ እንደ እብድ ሆነች። ሽቦውን ተንጠልጥላ ትጮኻለች፣ ላባ ይበተናል። በእሷ ዓይን እዩት እስቲ፤ ግራጫ፣ ጣቱ ያበጠ፣ ከክንድ ጋር አንድ የሆነ ነገር ቤቷ ውስጥ ሲገባ። ሁለተኛ፣ እኔ አልታመምም፣ ስለዚህ ደፋር ሆንኩ። ቀድሞ ስትፈራ እጄን እመልስ ነበር፤ አሁን ዝም ብዬ አስገብቼ አወጣታለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ እጄንም እንደ ጓንቱ መጥላት ጀመረች። ድሮ ከበሩ አጠገብ ብቻ የምትነክሰው፣ አሁን ከክፍሉ ማዶ ስመጣ አንገቷን ቀጭን አድርጋ መንቆሯን ትከፍታለች።

ሦስተኛው በጣም ያስደነገጠኝ ነው። ግቢያችን ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ልጅ ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ቀን በጓንቱ ሳወጣት አየኝና "ደረቷን ጨብጠሃል እኮ!" ብሎ ሮጦ መጣ። ወፍ እንደኛ ዲያፍራም የላትም፤ ደረቷ ወደፊትና ወደኋላ ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባላትም። በዚያ ወፍራም ጓንት ምን ያህል እንደጨበጥኩ ደግሞ አይታወቀኝም። አፏን ከመዝጋት አልፌ ትንፋሿን ልዘጋት ነበር ማለት ነው። ጓንቱን ያን ቀን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት፣ እሱ ጋራዥ ይሠራል።

ደረጃ፦ ከአምስት ዜሮ። ለብየዳ አራት።

ያ ተማሪ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወፏን ማየት ነው። ድንገት መናከስ የጀመረች ወፍ ሊያማት ይችላል አለ። መንቆሯን፣ እግሯን፣ ኩሷን፣ የደረት ሥጋዋን አየ። ደህና ናት። ግን አንዱ ክንፏ ተዘርግቶ ሲታይ ረጃጅሞቹ ላባዎች ተቆርጠዋል፤ የቀድሞው ባለቤት እንዳትበር ብሎ ነው። "አየህ" አለኝ፣ "በቀቀን ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው መብረር ነው። መብረር ሲያቅተው ያስጠነቅቃል፣ ማስጠንቀቂያው ካልተሰማ ይነክሳል። እሷን መብረሩን ከለከሏት፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ አንተ አላነበብክላትም።" ላባው የሞተ ነገር ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ስትረግፍ አዲስ ታወጣለች ብሎ አጽናናኝ፤ እውነትም አወጣች።

ከዚያ ደብተር ያዝ አለኝ። የነከሰችበትን ሰዓት፣ ቦታ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር። በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱ እጄን ቤቷ ውስጥ ሳስገባ ነው፤ ያ ክልሏ ነው፣ የሰው መኝታ ቤት ሳያንኳኩ እንደመግባት ማለት ነው። አንዱ እስካሁን አልገባኝም። ሰባቱ ግን፣ አታምኑም፣ ሰባቱ ቡና ሲፈላ ነው።

ጅማ ነው ያለነው። ቤታችን ቀን አንዴ ቢያንስ ቡና ይፈላል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቴ። የጎበዜ ሽቦ ቤት ያለው ሳሎን፣ ከረከቦቱ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ከሰሉ ይጋጋማል፣ ቡናው ሲቆላ ይጨሳል፣ ዕጣኑ ይጨመራል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ሕፃናት ሽቦውን በማንኪያ ይመቱታል፣ ሁሉም "በይ አውሪ! በይ አውሪ!" ይላታል። ወፍ ከሳንባዋ በተጨማሪ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ ያንን ጭስ እኛ ከምንስበው በላይ ነው የምትስበው። እኔ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ለእንግዳ ላሳይ ብዬ፣ እጄን እሰጣታለሁ። እኔም ብሆን እነክስ ነበር።

ለእማዬ ይህን መንገር ቀላል አልነበረም። "ለወፍ ብዬ ዕጣን ልተው?" አለች። አትተይ አልኳት፣ ወፏን እናዛውራት። ሽቦ ቤቱን ወደ ጓሮ በረንዳው መግቢያ፣ ጭስ ወደማይደርስበት ክፍል ወሰድነው። ግን እዚያ ብቻዋን ቀኑን ሙሉ ተዘግታ መዋሏ ሌላ ጣጣ ነው። ከሽቦው ውጭ የምትቆምበት፣ የእሷም የእኔም ያልሆነ መሃል ቦታ ያስፈልጋታል አለኝ ተማሪው። አሁን ወደ መቆሚያው ደረስን።

ወደ ጅረን በሚወስደው መንገድ ዳር በርጩማ የሚጠርቡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳቸውም። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ ምስማር የሌለው። ሄጄ "አባባ፣ ለበቀቀን መቆሚያ ይሠሩልኛል?" አልኳቸው። መሮአቸውን አስቀመጡና በደንብ አዩኝ። "ለሲምቢራ በርጩማ?" አሉ። ሲምቢራ በኦሮምኛ ወፍ ናት። አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲስቁ ቆይተው ግን "ስንት ክንድ ይርዘም?" አሉኝ። እዚህ ጋ ነው የወደድኳቸው።

የሠሩልኝ ይህ ነው። ታቹ እንደ በርጩማው ሦስት እግር ያለው የዋንዛ መቀመጫ። ከመሃሉ ደረቴ ጋ የሚደርስ ዘንግ ይወጣል። ከላዩ ደግሞ ሹካ የሆነ የቡና እንጨት። የቡና እንጨቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የአክስቴ ባል ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል የተጣለ ቅርንጫፍ ነው። ቅርፊቱ ተልጦ ጥላ ላይ ሁለት ወር ደርቋል። ውጭ አገር ይህን የቡና እንጨት ለበቀቀን መቆሚያ ብለው በውድ ይሸጡታል፣ እኛ ጋ ይማገዳል። ነገሩ ያስቃል፤ ፍሬው ለበቀቀን መርዝ ነው፣ አንዲት ስኒ ትርፍ ቡና እንዳታስጠጧት፣ እንጨቱ ግን ከሚመረጡት አንዱ ነው።

ለምን ጥሩ ሆነ? ቅርንጫፉ አንድ ወጥ አይደለም። አንድ ቦታ እንደ አውራ ጣቴ፣ ሌላ ቦታ እንደ አካፋ እጀታ ይወፍራል። የበቀቀን እግር ሁለት ጣት ወደፊት፣ ሁለት ጣት ወደኋላ ነው። ከሽቦ ቤቱ ጋር የሚመጣው ለስላሳ ክብ ፕላስቲክ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትቆም ክብደቷ ሁሌ በአንድ ቦታ ያርፋል፣ መዳፏ ይቆስላል። እዚህ ላይ ግን ትቀያይራለች። ጠዋት ቀጭኑ ላይ፣ ሲመሽ ወፍራሙ ላይ አንድ እግሯን ሰብስባ። የሚቆስል እግር ያላት ወፍ ደግሞ ጠባይ የላትም።

ሦስት እግርነቱም ያለ ነገር አይደለም። የበረንዳችን ሲሚንቶ ወጣ ገባ ነው፤ አራት እግር ያለው ነገር ሁሉ ይወዛወዛል። ይህ አይወዛወዝም። የምትቆምበት ሲነቃነቅ በቀቀን ትፈራለች፣ ፈርታም መንቆሯን ትዘረጋለች። አብዛኛው ሰው "ነከሰችኝ" የሚለው እዚህ ጋ ነው። ወደ እጅ ስትወጣ መጀመሪያ በመንቆሯ ትይዛለች፣ መንቆሯ ሦስተኛ እግሯ ስለሆነ እጁ ጸንቶ ይቆማል ወይ ብላ ትፈትሻለች። ሰውየው ደንግጦ እጁን ሲነጥቅ እሷ ትወድቃለች። በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይነጥቃት ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። ይኸው ንክሻ። እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ፋሻ ጨርሻለሁ።

መቆሚያው ግን ብቻውን ምንም አላስተማራትም፤ ይህን ለማስመሰል አልፈልግም። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት አልወጣችበትም። ሽቦ ቤቷ አጠገብ አቁሜ ዝም አልኩ። ላዩ ላይ የዱባ ፍሬ አስቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ራሷ በመንቆሯ ተንጠልጥላ ተሻገረች፣ ፍሬውን በላች፣ እኔን አየችኝ፣ ተመለሰች።

ከዚያ ቀጭን እንጨት አመጣሁ፣ የእርሳስ ያህል። ጫፉን በመንቆሯ ስትነካ "ጎሽ" እላታለሁና አንድ የዱባ ፍሬ እሰጣታለሁ። በቃ ይህ ነው ጨዋታው። እንጨቱን ወደ ግራ ሳደርግ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ወደ እጄ ሳስጠጋው ወደ እጄ። ቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ሳትሰለች ማቆም ነው ዋናው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ጭራሽ መደማመጥ የለም፣ ግራ እጄን ከሆዷ በታች አቀረብኩ፣ እንጨቱን ከእጄ ማዶ አሳየሁ። አንድ እግሯን አነሳች። መለሰች። አነሳች። መንቆሯን ሌባ ጣቴ ላይ አሳረፈች፣ ምላሷ ይሰማኛል፣ ደረቅ ነው፣ ሞቅ ያለ። እጄን አልነቀነቅኩም። ወጣች። እማዬን እንዳልጠራ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ጮክ ብል ያ ሁሉ ሥራ ገደል ገባ።

አሁንም አልፎ አልፎ ትነክሳለች። የመራቢያ ጠባይዋ ሲነሳ ከሶፋው ሥር ጨለማ ቦታ ትፈልጋለች፤ ያኔ ማንም ባይጠጋት ይሻላል። እንቅልፍ ሲያንሳትም እንደዚያው፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ያህል መተኛት አለባት፣ እኛ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። አሁን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ክፍሏ ይዘጋል። ልትነክሰኝ ስትል ግን ቋንቋው ይገባኛል። ብሌኗ ሲጠብና ሲሰፋ፣ ጅራቷ እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ፣ ገላዋ ቀጥኖ ድርቅ ስትል፣ እጄን እመልሳለሁ። ከነከሰችኝም አልጮህም። መጮህ ለእሷ ወይ ፍርሃት ነው ወይ ቲያትር ነው፣ ሁለቱም አይጠቅሙኝም። ቀስ ብዬ መቆሚያው ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ጀርባዬን እሰጣታለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ቀላል ነገር እጠይቃታለሁ። መንቆሯን በጣት መምታት የሚመክሯችሁ ዘመዶች አሉ፤ አትስሟቸው። ጣት ክፉ ነገር ነው ብላ ታረጋግጣለች፣ አለቀ።

ወደ ዕቃው እንመለስ፣ ጉድለቱን ልናገር።

ቫርኒሽ። እሳቸው በርጩማ ያለ ቫርኒሽ ማስረከብ ነውር ይመስላቸዋል። "እንዳይቀቡት" ብዬ ነበር፣ ስመጣ አብለጭልጮ ጠበቀኝ። ወፏ እንጨቱን ታኝካለች፣ ቀለሙ ሆዷ ይገባል ስላቸው ተቆጡ፣ ከዚያ ራሳቸው በብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ቀን ፈግፍገው አነሱት፣ ተጨማሪ ሳንቲምም አልጠየቁኝም። የቡና እንጨቱን ግን ሌላ ቀየርን፤ ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት አላምንም።

ሁለተኛ፣ የኩስ መቀበያው ትሪ ጠባብ ነው። ዘንጉን ከበው የሠሩት ሰፌድ የምታክል ክብ ናት፣ ጎበዜ ደግሞ ጅራቷን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የምትጥለው። ወለሉን በየቀኑ መጥረግ አለ። ስታሠሩ በአንድ ስንዝር ይስፋ በሉ።

ሦስተኛ፣ ላዩ ከባድ ነው። ጎበዜ ጫፍ ላይ ሆና ስትወዛወዝ ምንም አይሆንም፣ የእህቴ ልጅ ሲደገፈው ግን ወደቀ። እግሮቹ መሃል ያረጀ የወፍጮ መጅ አስቀመጥኩበት፣ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። ዝናብ ላይም አትተዉት፤ አንድ ሌሊት በረንዳ ረስቼው ዋንዛው ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ።

ዋጋው 1,800 ብር ነው፣ የቡና እንጨቱን እኔ አምጥቼ። ርካሽ አይደለም። ስምንት ቀን ብለው አሥራ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፣ ይህም ከአናጢ ጥሩ ነው። እኔ ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ፣ ግማሿ ለቫርኒሹ ናት።

አንድ ነገር ላክል፣ ከርዕሱ ባይገናኝም። ይህን አንብባችሁ በቀቀን ሊያምራችሁ ይችላል። እባካችሁ ከጫካ አታስይዙ። በአካባቢያችን ደን ውስጥ የምትታየው ባለ ቢጫ ግንባሯ በቀቀን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ቀደም ሲል በቀቀን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አቮካዶ እንዳታቀምሷት፣ ጓሯችሁ ሞልቶ ቢረግፍም፤ ይገድላታል። በርበሬ ግን ትችላለች። ጎበዜ ሚጥሚጣ ከነፍሬው ትበላለች፣ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። እንግዳ ፊት ላሳይ ብዬ የማወጣት አሁን ለዚህ ብቻ ነው፣ እሱንም ቡናው ካለቀና ጭሱ ከወጣ በኋላ።

ሽማግሌው ጋ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። የደረቀና የተላጠ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምንም ያልተረጨበት መሆኑንም አጣሩ። ቫርኒሽ አይቀባ የሚለውን ሁለት ጊዜ ንገሯቸው፣ አንዴ ስትገቡ አንዴ ስትወጡ። እኔ ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ቅርንጫፍ ወስጄላቸዋለሁ፤ ጎበዜ የግራውን ጫፍ አኝካ ጨርሳዋለች። "በላችው?" አሉኝ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ፊታቸው ላይ እያየሁ።